«ቡናው እያረረ እናቴ ዝም ብላ ታየዋለች»

ጥያቄ፦ «እናቴ የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ናት። ከሰባት ወር በፊት ሽንቷን ሲያማት፣ ሲያተኩሳትና ሲያንቀጠቅጣት ተራ ብርድ ነው ብለን ሦስት ቀን ቤት አስተኛናት። በአራተኛው ቀን መዘባረቅ ስትጀምር ሆስፒታል ወሰድናት። ኢንፌክሽኑ ከኩላሊቷ ተነስቶ ሴፕሲስ ሆኗል ተባልን፤ 11 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች። እዚያ ሳለች ከሞተ 20 ዓመት ካለፈው ወንድሟ ጋር ታወራ ነበር። አሁን ትኩሳቱ የለም፣ ትበላለች፣ ትራመዳለች፤ እንደ በፊቷ ግን አይደለችም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ ባለፈው ወር የሰበሰበችውን ብር አራት ጊዜ ቆጥራ አራት ዓይነት ድምር አገኘች፤ ደብተሩን ዘግታ አለቀሰች። ቡና ስትቆላ ፍሬው እያረረ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኖ፣ መቁያውን እንደያዘች ዝም ብላ ታየዋለች። አክስቴ መንፈስ ነው፣ መድኃኒቱን ትታ ጠበል ትግባ ትላለች። ወንድሜ ደግሞ አርጅታለች ይላል። ከሆስፒታል ስትወጣ ድናለች ነበር የተባልነው። አእምሮዋ ተጎድቷል ወይ? ይመለስላታል ወይ? ሦስቱን ቀን ያዘገየነው እኛ ስለሆንን ጥፋቱ የእኛ ነው?»

ውድ ጠያቂያችን፣

የጠየቁኝን በቀጥታ ልመልስ። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ሆኖም ከገለጹልኝ ሁኔታ እንደምረዳው የእናትዎ አንጎል በዚያ ሕመም ወቅት ሳይጎዳ አልቀረም። ይህ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ፣ ከሴፕሲስ በተረፉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚታይ ችግር ነው። «ድናለች» ያላችሁ ሐኪም የተናገረው ስለ ኢንፌክሽኑ ነው፤ እርሱም እውነት ነው። ከኢንፌክሽኑ ከዳኑ በኋላ ከሴፕሲሱ ማገገም ገና ወራትን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳችሁ ሰው አልነበረም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት እኔም ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳልነግር ሸኝቻለሁና መልሴ ቢረዝም ይታገሱኝ።

ሴፕሲስን በአማርኛ «የደም መመረዝ» ማለት ለምደናል። ስያሜው ግን ሰውን ያሳስታል፤ ደም ውስጥ የገባ መርዝ ያለ ስለሚያስመስል፣ መርዙ ከወጣ ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ትርጓሜ እንደሚለው ሴፕሲስ ሰውነት ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ የራሱኑ የአካል ክፍሎች ሲጎዳና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ተሕዋሲው በእናትዎ ኩላሊት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጦርነቱ ግን የተካሄደው በመላ ሰውነታቸው፣ በተለይም በደም ስሮቻቸው ግድግዳ ላይ ነበር።

የአንጎል ደም ስሮች ጉዳይ ልዩ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል፤ ስንቅ የሚያስቀምጥበት ጎተራ ስለሌለው የሚኖረው ደቂቃ በደቂቃ በሚደርሰው ደም ነው። አዲስ እንስራ ካልተሟሸ ውሃ እንደሚያዥ፣ በደንብ የተሟሸ ግን ጠብ እንደማያደርግ እናትዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የአንጎል ቀጫጭን ደም ስሮች በደንብ እንደተሟሸ እንስራ ናቸው። የውስጥ ግድግዳቸውን የሠሩት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ክፍተት ሳይተዉ ተጣብቀዋል፤ ከውጭ ሌሎች ሕዋሳት አቅፈው ደግፈዋቸዋል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ደሙ የሚነካው ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ እጅግ ስስ ልባስ አለ። በዚህ ምክንያት ደም ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ እንደልቡ ወደ አንጎል ዘልቆ አይገባም።

ሴፕሲስ ሲነሳ ያ ስስ ልባስ ይላጣል፤ የሕዋሳቱ መጣበቂያ ይላላል፤ የተሟሸው እንስራ ማዠት ይጀምራል። ወደ አንጎል መግባት የማይገባቸው ፈሳሾችና የመቆጣት ምልክት የተሸከሙ ኬሚካሎች ያልፋሉ፤ አንጎልን የሚጠብቁት ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሕዋሳትም ተቆጥተው ይነሳሉ፤ ቁጣቸውም አንዳንድ ጊዜ ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ሳይበርድ ይቆያል። በዚሁ ጊዜ ልባሱ የተላጠበት ግድግዳ ደም እንዲረጋ ስለሚጋብዝ በቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ውስጥ ጥቃቅን የረጋ ደም መንገድ ይዘጋል። የደም ግፊትም ይወርዳል። ጤነኛ የአንጎል ደም ስር ግፊት ሲወርድ ሰፋ፣ ሲጨምር ጠበብ እያለ ለአንጎል የሚደርሰውን ደም ያመጣጥናል፤ በሴፕሲስ የተጎዳው ግን ይህ ችሎታው ስለሚዳከም ግፊት በወረደ ቁጥር አንዳንዱ የአንጎል ክፍል ይጠማል። አዲስ ነገር የምንመዘግብበት ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍልና የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኙት ነጭ የነርቭ መስመሮች ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት በቀላሉ የሚጋለጡ ናቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ስለ ቡናው ለማስረዳት ነው። እናትዎ ቡና አቆላል አልረሱም። ቡና መቁላት ግን ዓይን ፍሬውን፣ አፍንጫ ሽታውን፣ ጆሮ መንጣጣቱን እየተከታተለ፣ እጅ እያማሰለ፣ ልብ ደግሞ «አሁን ይውረድ» ብሎ በሰዓቱ የሚወስንበት ሥራ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሆን የአንጎል ክፍሎች በነዚያ ነጭ መስመሮች በኩል በፍጥነት መነጋገር አለባቸው። መስመሩ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል፤ ሰውየው ያያል፣ ያውቃል፣ ውሳኔው ግን ሳይደርስለት ፍሬው ያርራል። አንድ ልብስ ሰፊ ታካሚ ነበረኝ፤ ከሴፕሲስ ከተረፈ በኋላ የስፌት መኪናው ላይ ሲቀመጥ እጁ እንደ ድሮው ይሠራል፤ የደንበኛውን ወገብ በሜትር ለክቶ ሦስት እርምጃ ርቆ ወደሚገኘው ደብተር ሲሄድ ግን ቁጥሩ ይጠፋበታል። እናትዎን በድምሩ ላይ ያጋጠማቸውም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ምናልባት ሲቲ ስካን ተነስተው «ንጹሕ ነው» ተብላችሁ ከሆነም አይገረሙ፤ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ጉዳት በሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ከሟች ወንድማቸው ጋር ስለማውራታቸው እንነጋገር፤ የአክስትዎ ስጋት ከዚያ እንደመጣ እገምታለሁ። በከባድ ሕመም ወቅት የሚመጣ ቅዠት፣ ኩላሊት ሲደክም ሽንት እንደሚቀንሰው ሁሉ፣ አንጎል ሲደክም የሚያሳየው ምልክት ነው። ሰው የሌለ ያያል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ ወይም ደግሞ ዝም ብሎ ፈዝዞ ይውላል፤ ዝምተኛው ቅዠት ሰው ስለማይረብሽ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ የወጣ ጥናት በመተንፈስ ችግር ወይም በደም ዝውውር መድከም ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 821 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ከነርሱ ከፊሎቹ ሴፕሲስ ነበረባቸው። ከመቶ 74ቱ በሆስፒታል ቆይታቸው ቃዥተዋል፤ ቅዠቱ በቆየ ቁጥር ከዓመት በኋላ የነበራቸው የማሰብ ችሎታም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

አክስትዎን በዚህ ምክንያት አይጣሏቸው። ጠበል መጠመቅ ለእናትዎ ልብ ዕረፍት የሚሰጥ ከሆነ እኔ የምከለክልበት ምክንያት የለኝም። የማልስማማበት ነገር «መድኃኒቱን ትታ» የሚለው ነው፤ በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ማቋረጡ ቀድሞ የተጎዱትን ደም ስሮች ዳግም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ብዙ ካህናትም ይህንኑ ይመክራሉና ለአክስትዎ የሚያከብሯቸው የንስሐ አባት ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ። ጠበሉ ጋ ሌሊት በብርድ ማደር ግን ገና ላላገገመ አካል ከባድ ነው፤ ይቆይላቸው።

የወንድምዎን «አርጅታለች» ግን አልቀበልም። እርጅና በአንድ ሳምንት አይመጣም፤ እስከ ታመሙበት ሳምንት ድረስ የእድሩን ሒሳብ ያለ ስሕተት የያዙ ሰው ከሕመሙ በኋላ መቁጠር ካቃታቸው መነሻው ሌላ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ከመታመማቸው አስቀድሞ ጀምሮ ይከታተል ስለነበር በፊትና በኋላ ማነጻጸር ችሏል፤ ከሴፕሲሱ በፊት መካከለኛ ወይም ከባድ የአእምሮ መድከም የነበረባቸው ከመቶ 6.1 ሲሆኑ ከሴፕሲሱ በኋላ 16.7 ሆነው ተገኝተዋል። እነዚያ ሰዎች በአብዛኛው ከእናትዎ የሚበልጡ ነበሩ።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ሁሉን ነገር ለሴፕሲሱ ሰጥተን እንዳንቀመጥ። ኩላሊት ላይ ለወጣ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጀንታማይሲን የተባለው መርፌ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የመስማት ችሎታን ይጎዳል፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ የረሳ ይመስላል። ስለዚህ ጆሯቸው ይመርመር። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አእምሮን ያደክማሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ቆይተው የወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ በድብርትና በሌሊት ፍርሃት ይሠቃያሉ፤ ደብተሩን ዘግተው ያለቀሱት እናት ሌሊት እንቅልፍ እንዳላቸው፣ ጠዋት ለመነሳት ልባቸው እንደሚነሳሳ ይጠይቋቸው። የነርቭ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ትረሳለች» ብሎ መንገር አይበቃም፤ የብሩን ድምርና የቡናውን ነገር ለእኔ እንደጻፉልኝ አድርገው ይንገሩ፤ ከሆስፒታሉ የወጡበትን ማጠቃለያ ወረቀትም ይዘው ይሂዱ።

ይመለስላቸዋል ወይ? ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሻሻላሉ፤ የአንዳንዶቹ መሻሻል ከዓመት በላይ ይዘልቃል፤ ጥቂት የማይባሉት ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አይመለሱም። በናሽቪሉ ጥናት ከዓመት በኋላም ከሦስቱ የአንዱ ውጤት ጭንቅላቱን በመካከለኛ ደረጃ የተመታ ሰው ካለው ጋር የተቀራረበ ነበር። ሰባት ወር ስለዚህ የመንገዱ ማለቂያ አይደለም፤ ነገር ግን «በቅርቡ ድሮ እንደነበረችው ትሆናለች» ብዬ ቃል ብገባልዎ አታለልኩዎት ማለት ነው። ጉዳቱን የሚሽር ክኒን እስካሁን የለም። «ለአእምሮ ማጠንከሪያ» እየተባለ በውድ ለሚሸጥ ነገር ገንዘብዎን አያውጡ።

የተጎዱትን ደም ስሮች ከተጨማሪ ጉዳት መጠበቅ ግን በእጃችን ነው። ከሴፕሲስ በኋላ ስትሮክ የመምታት ዕድል ስለሚጨምር የደም ግፊታቸውና የደም ስኳራቸው በየጊዜው ይለካ፤ የልብ ምታቸው የተዘበራረቀ ከሆነም ይመርመር። እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ጎረቤት የሚሰጣቸውን ዲያዜፓም፣ ወይም እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖችን ያለ ሐኪም ምክር እንዳይወስዱ ይጠንቀቁ፤ ደካማ አንጎልን የባሰ ያፈዝዛሉና። በየቀኑ፣ ቢቻል ጠዋት ጠዋት፣ ሰው አብሯቸው ሆኖ በእግር ይንቀሳቀሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ጎረቤት በር፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር እያሉ። ጡንቻቸውን ካደከመው የ11 ቀን አልጋ በኋላ ይህ ከማናቸውም ቫይታሚን ይበልጣል።

ሌላው ትልቅ ስጋት ዳግም መታመም ነው። ከሴፕሲስ ተርፈው ከወጡ ሰዎች በአሜሪካ ከመቶ 40 የሚሆኑት በ90 ቀናት ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል ይገባሉ፤ እናንተ ያንን ጊዜ አልፋችኋል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ግን ተመላልሶ የሚመጣ በሽታ ነው። ሽንት ሲያቃጥላቸው ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አይስጧቸው፤ በዚያው ቀን ሽንታቸው ይመርመር። ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ወይም በድንገት ከወትሮው ይልቅ ከተደናገሩ፣ ትኩሳት ባይኖርም እንኳ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ በሩ ላይ የመጀመሪያው ቃልዎ «ከዚህ በፊት ሴፕሲስ ነበረባት» የሚል ይሁን።

አሁን ወደ እድሩ ደብተር። ከቤተሰቡ አንዱ «እናሳርፋት» ብሎ ደብተሩን ለሌላ ሰው እንዳላስረከበ ተስፋ አደርጋለሁ። ማሳረፍ የመሰለ ነገር ሰውን ከሥራውና ከሰዉ ይነጥላል፤ አንጎል ደግሞ የሚያገግመው በመሥራት ነው። ለእድሩ ሊቀመንበር እውነቱን ንገሯቸውና አንድ ረዳት ይመደብላቸው። ቆጠራው ማታ ሰው ሲገባና ሲወጣ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ቴሌቪዥን ተዘግቶ ይሁን፤ ብሩ በአሥር በአሥር ቅጠል እየታሰረ፣ እያንዳንዱ እሥር ወዲያው ደብተር ላይ እየሰፈረ፣ ረዳቱ ደግሞ ከኋላ እየቆጠረ። ልብስ ሰፊዬም ያገገመው እንዲሁ ነው፤ ሜትሩን ሳያወርድ ቁጥሩን በልብስ ሰፊ ሳሙና ጠረጴዛው ላይ ይጽፍ ጀመር። ቡናውንም ከእጃቸው አይቀበሏቸው። ለሁለት ሰው የሚበቃ ብቻ ይቁሉ፤ እርስዎ አጠገባቸው ተቀምጠው በሚቆሉበት ሰዓት ወሬ አያውሯቸው፤ መንጣጣቱ ሲጀምር «እማዬ፣ ደረሰ?» ብለው ይጠይቋቸው። ውሳኔው የእርሳቸው ይሁን።

ስለ ሦስቱ ቀናት ጠይቀውኛል። በሴፕሲስ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ ቀድሞ መታከም ሕይወትን እንደሚያድን ስለማውቅ «ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር» አልልዎትም። ነገር ግን የሚያተኩሰውንና የሚያንቀጠቅጠውን ሁሉ ብርድ፣ ወባ ወይም ታይፎይድ ብለን የምናልፍ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ሐኪሞችም እንሳሳታለን። በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደታመሙና 11 ሚሊዮኑ እንደሞቱ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም ለበሽታው የተለየ ትኩረት እንዲሰጥ የወሰነው ገና በዚያው ዓመት ነው። የማያውቁትን ምልክት አላዩም፤ መዘባረቅ ሲጀምሩ ግን አንስተው ሮጠዋል፣ እናትዎም ዛሬ በሕይወት አሉ። በየዓመቱ መስከረም 3 ገደማ ሴፕሲስ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ እንቁጣጣሽን ለመጠየቅ ለሚመጣው ዘመድ በዚያ ሰሞን የደረሰባችሁን ብትነግሩት ከሰፈራችሁ አንድ ሰው በጊዜ ሐኪም ዘንድ ይደርስ ይሆናል።

የቀረኝ አንድ ነገር እናትዎን ራሳቸውን የሚመለከት ነው። ለሌላው ሁሉ እየተነገረ ለእርሳቸው የተነገራቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። ያቃታቸው ከስንፍና ወይም ከእብደት እንዳይመስላቸው፣ አንጎላቸው ከባድ ሕመም ታሞ እንደተነሳ በግልጽ ቋንቋ ይንገሯቸው፤ መምህርት ናቸውና ይገባቸዋል። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጡ ሰዎች በዚያ ያሳለፉት ጊዜ ባዶ ጉድጓድ ወይም የቅዠት ስብርባሪ ሆኖ ይቀርባቸዋል። በአንዳንድ አገሮች ያሉ ነርሶች በየቀኑ የሆነውን በማስታወሻ ደብተር እየጻፉ ለታማሚው ይሰጣሉ፤ እናንተም ዘግይታችሁም ቢሆን ማድረግ ትችላላችሁ። አሥራ አንዱን ቀን ቀን በቀን ጻፉላቸው፤ ማን ሊጠይቃቸው እንደመጣ፣ የትኛው ቀን ዓይናቸውን እንደገለጡ፣ መጀመሪያ የቀመሱት ምን እንደነበረ። ከወንድማቸው ጋር ያወሩበትን ቀንም አትዝለሉት፤ ያሉትን ቃል የሚያስታውስ ካለ እንደተናገሩት ይጻፍላቸው።